ለተራራ ብስክሌት ፓራፋንጎ አመራረጥ

ጎማ እርጥብ መሬት ላይ ሲሽከረከር ውኃና ጭቃ ይዞ ይነሳና ወዲያው ይለቀዋል። የኋላው ጎማ የለቀቀው ጀርባችን ላይ መስመር ሠርቶ ይለጠፋል። የፊተኛው ይብሳል። ጭቃውን ወደ ላይና ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ እኛም እየነዳን ሄደን በፊታችን እንቀበለዋለን። ፓራፋንጎ የሚገጠመው ይህን ለማስቀረት ነው።

የተራራ ብስክሌት ላይ ግን ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ጎማው ወፍራም ነው፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ይሰምጣል ይነሳል፣ ኮርቻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጭቃው ደግሞ አንዳንዴ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ስለዚህ የፓራፋንጎውን ርዝመት ከማየታችሁ በፊት የት እንደሚታሰር እዩ።

አንድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ የፊቱን አስቀድሙ። ጀርባ ቢቆሽሽ ይታጠባል፤ ቁልቁለት ላይ ጭቃ ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን መንገዱ ራሱ ይጠፋል።

ከፊቶቹ በብዛት የሚታየው አጭሩ ነው። ከሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ይሠራና የሹካውን ሁለት እግሮች የሚያገናኘው ቅስት ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም በቬልክሮ ይታሰራል። ትልቁ ጥቅሙ ከጎማው ጋር አብሮ መውጣትና መውረዱ ነው፤ ሹካው 100 ሚሊ ሜትር ሰመጠ 170፣ በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል ያለው ክፍተት ያው ነው። ወደ ኋላ ረዘም ያለውን ብትመርጡ የሹካውን ዘንጎችና ዘይቱን የሚይዙትን ጎሚኒዎች ጭምር ከአሸዋ ይጠብቅላችኋል። ሹካ አምራቾቹ ፎክስና ሮክሾክስ በቅርብ ዓመታት ያወጧቸው ብዙ ሹካዎች የብሎን ቀዳዳ ስላላቸው ለዚያው ሹካ የተሠራ ፓራፋንጎ ይገጠምላቸዋል፤ እንዲህ ያለው አይንቀጫቀጭም። የማኒቱ ሹካዎች ቅስት ግን ከኋላ በኩል ስለሆነ ለሌላው የተሠራ ላይሆናቸው ይችላል።

ሌላው ዓይነት ሹካው አናት ላይ ባለው ቱቦ ውስጥ ተወጥሮ የሚያዘው ረጅሙና ሰፊው ነው። ብዙ ይሸፍናል፣ ግን ከጎማው ጋር አይንቀሳቀስም። ሹካው እስከ መጨረሻው ሲሰምጥ ጎማው እንዳይነካው ከፍ ማለት አለበት፣ ከፍ ሲል ደግሞ በጎን በኩል ያሳልፋል። ሹካችሁ በአየር የሚሠራ ከሆነ ግፊቱን መዝግቡ፣ አየሩን አስተንፍሱ፣ ከዚያ እስከ ታች ተጫኑትና እዩት። ይህን ሳታደርጉ ቁልቁለት እንዳትገቡ! በፍሬሙ የታችኛ ቱቦ ስር የሚታሰር ጠፍጣፋም አለ፤ ፊትን አያድንም፣ እግራችሁንና የፔዳሉን ኩሽኔታ ግን በደንብ ይከላከላል።

ወደ ኋላው እንምጣ። የኮርቻው ምሰሶ ላይ የሚቆነጠጠው ያለ መፍቻ ይገባል ይወጣል፣ ለዚህም ይወደዳል። ከጎማው ስለሚርቅ ግን ይወዛወዛል፣ ኮረኮንች ላይም ወደ ጎን ይዞራል። በአዝራር ከፍ ዝቅ የሚል ምሰሶ ካላችሁ በተንሸራታቹ ዘንግ ላይ በፍጹም አትሰሩት፤ ዘንጉ ይጫራል፣ ምሰሶውም አይወርድም። የኋላ ሾክ ያለው ብስክሌት ላይ ደግሞ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ሾኩ ሲሰምጥ ጎማው ፓራፋንጎውን ሊመታው ይችላል። ከኮርቻው ስር የሚሰካው ትንሹ ፕላስቲክ መቀመጫችሁን ያተርፋል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ። እኔ የምመርጠው ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ባሉት የፍሬም ዘንጎች ላይ የሚታሰረውን ነው። ለጎማው ይቀርባል፣ አብሮት ይንቀሳቀሳል፣ ጀርባን በእርግጥ ያደርቃል።

ልኩን አትርሱ። 2.4 ኢንች ጎማ ወደ 61 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ፓራፋንጎው ከዚያ ካልሰፋ ውኃው በጎንና በጎን ያመልጣል። ቁመቱ 26 ኢንች ለሆነ ጎማ የተቀረጸው ጎባጣም 29 ኢንቹ ላይ በትክክል አይቀመጥም።

ጎማውን በሙሉ የሚከብበውና በሽቦ ዘንግ የሚደገፈው ለአስፋልትና ለጥርጊያ መንገድ ግሩም ነው። ጫካ ውስጥ ግን እፈራዋለሁ። እንጨት ወይም ድንጋይ መሃል ገብቶ ካጠፈው የፊት ጎማውን ቀጥ አድርጎ ሊያቆመው ይችላል፣ ነጂውም በመሪው ላይ ይወረወራል። ለዚህ ነው ጥሩዎቹ ሲጎተት በራሱ የሚለቅ መያዣ የሚኖራቸው። የሚጣበቅ ጭቃ ላይም ጠባብ ክፍተት መዘዝ አለው፤ ጭቃው ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቅተዋል። ያኔ አጭሩ ይሻላል፣ በጣም ሲብስ ደግሞ ፈትቶ መሄድ ነው።

ስትገጥሙት ፍሬሙን አጥባችሁ አድርቁ። ማሰሪያው በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ግልጽ መከላከያ ፕላስተር ለጥፉ፤ ያለዚያ መሃል የሚገባው አሸዋ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል። በካርቦን ፍሬም ላይ ደግሞ ከመጠን በላይ አታጥብቁ። ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ዳር አዙሩና የፍሬኑ ቱቦ አለመያዙን እዩ።