የመሬት ቁርጥ ሥዕል ምንድን ነው?

ድፎ ዳቦ በቢላ ሲከፈል ውስጡ እንደሚታይ፣ መሬትን ከላይ ወደ ታች የተቆረጠ አስመስሎ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ሥዕል ነው። ባለሙያዎች ክሮስ ሴክሽን ይሉታል። የከርሰ ምድር ውሃን ለሕዝብ ለማስረዳት ከእሱ የሚሻል የለም፤ እንደ እሱ የሚያሳስትም የለም።

የቆቦን ሜዳ እንውሰድ። በምዕራብ የወሎ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይዞታል። ሆርማትና ጎሊናን የመሳሰሉ ወንዞች ከምዕራብ ይዘውት የሚወርዱት ድንጋይና ጠጠር ተራራው ግርጌ ይቀራል፤ ደቃቁ ደለል ወደ መሃል ይዘልቃል። ውሃው ያለው በጠጠሩና በአሸዋው መካከል ነው። ሠዓሊው ንብርብሩን በሙሉ ሰማያዊ ከቀባው ግን ተመልካቹ ከእግሩ ሥር ሐይቅ የተኛ ይመስለዋል፤ ፓምፕ ቢደረደርበት የማያልቅ ሐይቅ። ስለዚህ ጠጠሩን ጠጠር አድርጎ ስሎ ክፍተቱን ብቻ ሰማያዊ መቀባት ነው። ክፍተቱ ደግሞ ብዙ አይደለም፤ ከንብርብሩ ሩብ ወይም ሲሶ ቢሆን ነው።

ሌላው ጣጣ ልኬቱ ነው። 20 ኪሎ ሜትር መሬት 40 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ሲሰፍር፣ 100 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ቁመቱ 50 ጊዜ ቢለጠጥ ጉድጓዱ 10 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል፤ ለስላሳው ተዳፋት ግን ገደል ይሆናል። «ቁመቱ 50 ጊዜ ተለጥጧል» ብሎ ሥዕሉ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው።

የውሃው ወለል፣ ማለትም የከርሰ ምድር ውሃው የላይኛው ገጽ፣ በሁለት መስመር ይሰመር፦ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ያልተቆራረጠ፣ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት የተቆራረጠ። በቀለም ብቻ መለየት አያዋጣም፤ ወረቀቱ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሲባዛ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ወሩም በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ። ፓምፕ በሚሠራበት ጉድጓድ ዙሪያ ወለሉ እንደ ተገለበጠ የመሶብ ክዳን ወደ ታች ይሰረጉዳል። ሁለት ጉድጓዶች ሲቀራረቡ ክዳኖቹ ይደራረባሉ፣ የሁለቱም ውሃ ይርቃል። ገበሬው ከሁሉ በላይ ማየት ያለበት ይህን ነውና ሥዕሉ መሃል ላይ ጎልቶ ይቀመጥ።

ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኖ ለሁለት ሦስት ገበሬዎች ማሳየት ነው። «ጎረቤትህ ቀን ከሌት ቢስብ ያንተ ጉድጓድ ምን ይሆናል?» ሲባል «ምንም፣ ወንዙ ይተካዋል» የሚል ካለ ሰማያዊው ቀለም እንደገና ይሠራ።