«ለእርስዎ የተመረጡ» ጨዋታዎች፦ ስለ ኦንላይን ካሲኖ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ሁለት ሰዎች አንዱን ኦንላይን ካሲኖ በየስልካቸው ቢከፍቱ የሚያዩት ገጽ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። የጨዋታው አደራደር፣ ቦነሱ፣ የሚላከው መልእክት እንደየሰዉ ይለያያል። በዚህ ዙሪያ ከሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«ሲስተሙ ስለሚያውቀኝ ማሸነፍ ስጀምር ይዘጋብኛል»

ይሄ ወሬ የማያልቅ ነው። ፈቃድ ባለው ካሲኖ የእያንዳንዱን ዙር ውጤት የሚያወጣው ቁጥሮችን በዘፈቀደ የሚጥል ፕሮግራም ነው። ትናንት ስንት እንደተበላችሁ አያውቅም። ደግሞስ ምን አስጨነቀው? ሒሳቡ ድሮም ለቤቱ፣ ማለትም ለካሲኖው፣ ያደላ ነው። ባለ 37 ቁጥር ሩሌት (ኳስ በሚሽከረከር ጎማ ላይ የምታርፍበትን ቁጥር መገመት) አንድ ቁጥር ለመታ 35 እጥፍ ይከፍላል፤ እኩል ጨዋታ ቢሆን 36 መሆን ነበረበት። ቤቱ ከዚህች ልዩነት 2.7 በመቶ ያገኛል። ለእሱ የሚበጀው ብዙ ዙር መጫወታችሁ ነው፤ ገጹ በየሰዉ ልክ የሚሰፋውም ለዚሁ ነው።

«ለእርስዎ የተመረጠ ማለት የሚቀናኝ ማለት ነው»

አልጎሪዝሙ የሚያየው የት ብዙ እንደቆያችሁ፣ ስንት እንደመደባችሁ፣ እናንተን የሚመስሉ ተጫዋቾች ቀጥለው ምን እንደከፈቱ ነው። መቅናት አለመቅናታችሁ ጉዳዩ አይደለም። ከላይ ያሉትን አራት አምስት ጨዋታዎች አልፎ ወደ ታች የሚወርድ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ከታች ከተወራረደው ገንዘብ በአማካይ 96 በመቶ የሚመልስ ስሎት (ምስሎች እየተሽከረከሩ ሲገጣጠሙ የሚከፍል ጨዋታ) ተቀምጦ ከላይ 92 የሚመልሰው ሊቀርብላችሁ ይችላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በረጅሙ ሲታይ ግን ከ100 ውርርድ 4 በመሄድ ፋንታ 8 ይሄዳል፤ እጥፍ ነው።

«ቦነስ ስጦታ ነው»

ለሦስት ቀን አፑን አልከፈታችሁም እንበል። በአራተኛው ማታ፣ ልክ በለመዳችሁት ሰዓት፣ ስልካችሁ ጢን ይላል፦ «ናፍቀውናል! የ100 ቦነስ ገብቶልዎታል።» ከስር በደቃቅ ፊደል «35 ጊዜ መወራረድ ያስፈልጋል» ይላል። ስለዚህ ቦነሱን ለማውጣት 3500 መወራረድ አለባችሁ። 96 በመቶ በሚመልስ ጨዋታ ላይ ይሄን ያህል ስትወራረዱ በአማካይ 140 ይበላል። የተሰጣችሁ 100 ነበር።

«ቪአይፒ የሆንኩት ጎበዝ ስለሆንኩ ነው»

ብዙ ስለመደባችሁ ነው። ስሎት ላይ ጎበዝ የሚባል ሰው የለም።

«ዳታው የሚያገለግለው ለማጥመድ ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ለካሲኖዎቹም ትንሽ ልከራከር። በተበላ ቁጥር መደቡን የሚያሳድግ፣ ሌሊት ደጋግሞ ገንዘብ የሚያስገባ ሰው በዚያው ዳታ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በብሪታንያ ኩባንያዎቹ ይህን ምልክት ተከታትለው እርምጃ እንዲወስዱ ደንቡ ያስገድዳቸዋል። ደንብ በላላበት ግን ያው ምልክት ሌላ ቦነስ ሊያስልክ ይችላል። ስለዚህ የገንዘብ ማስገቢያ ገደቡን ራሳችሁ አስቀምጡ፣ ኖቲፊኬሽኑንም አጥፉ። ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አካውንት ማስተካከያው ውስጥ ነው፤ «ለእርስዎ የተመረጡ» ከሚለው ስር አትፈልጉት።