ስለ ሂስቶግራም ብዙ ጊዜ የምንሳሳታቸው ነገሮች እና እውነታው

ሂስቶግራም ሲታይ ቀላል ነው፣ ባሮች ተደርድረዋል፣ ይሄ ረጅም ያ አጭር ትላላችሁ አለቀ። ግን ተማሪዎች ሳስጠና ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር ብዙው ሰው የባሮቹን ጫፍ ብቻ ነው የሚያየው፣ ከታች ያለውን የቁጥር መስመር ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ እና ስህተቱ በአብዛኛው ከዛ ነው የሚመጣው። በብዛት የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

«ሂስቶግራም ያው ባር ቻርት ነው»

አይደለም። ባር ቻርት ላይ እያንዳንዱ ባር የራሱ ስም አለው፣ ቀይ የወደደ ስንት፣ ሰማያዊ የወደደ ስንት ብላችሁ ከደረደራችሁ በኋላ ቦታቸውን ብታቀያይሩ ምንም አይበላሽም። ሂስቶግራም ላይ ግን ከታች ያለው ቁጥር ነው፣ ቁመት ሊሆን ይችላል፣ ክብደት፣ የፈተና ውጤት፣ ደቂቃ። ያንን ቁጥር በተከታታይ ክፍሎች ትቆርጡትና (ቢን የሚባለው ይሄ ነው) በየክፍሉ ስንት ዳታ እንደገባ ትቆጥራላችሁ። ቁጥር ደግሞ ተራ አለው፣ አይቀያየርም። ባሮቹ የሚነካኩትም ለዛ ነው እንጂ ለማሳመር አይደለም፣ መሀል ላይ ባዶ ቦታ ካያችሁ እዛ ክፍል ውስጥ የገባ ዳታ የለም ማለት ነው።

«ባሮቹ እኩል ከሆኑ ልዩነት የለም ማለት ነው»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎች ሳይቀሩ የሚወድቁበት ነው። ሁለት ቡድን አስቡ፣ እያንዳንዱ 20 ሰው፣ ሁሉም ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጥተዋል። በመጀመሪያው ቡድን 1 የሰጠ 4 ሰው፣ 2 የሰጠ 4 ሰው፣ እንዲህ እያለ እስከ 5 ድረስ፣ ማለትም አምስቱም ባር እኩል ቁመት አለው። በሁለተኛው 16 ሰው 3 ሰጠ፣ 2 ሰው 2 ሰጠ፣ 2 ሰው ደግሞ 4፣ ስለዚህ መሀሉ እንደ ግንብ ይቆማል ጎንና ጎኑ አጭር ነው። የትኛው ቡድን ነው ይበልጥ የተለያየው ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው ሁለተኛው ነው ይላል፣ ምክንያቱም ባሮቹ ይበላለጣሉ። እውነታው ግን ግልባጩ ነው። የሁለቱም አማካይ 3 ነው፣ የመጀመሪያው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ዳታው ከአማካዩ ዙሪያ ምን ያህል እንደተበተነ የሚለካው ቁጥር) 1.41 አካባቢ ሲሆን የሁለተኛው 0.45 ብቻ ነው። ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ተስማምቷል እኮ! የባሩ ቁመት የሚነግረን ስንት ሰው እንዳለ ነው፣ ዳታው ምን ያህል እንደተበተነ ለማወቅ ግን ወደ ጎን ነው ማየት ያለብን፣ ከመሀሉ ምን ያህል ርቆ ሄደ ብለን።

«ክምሩ ግራ ጋ ስለሆነ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው»

ስሙን የሚሰጠው ጭራው ነው (ባሮቹ እያጠሩ ርቀው የሚሄዱበት ጎን)፣ ክምሩ አይደለም። ወረፋ የጠበቁበትን ደቂቃ ብትመዘግቡ አብዛኛው ሰው ቶሎ ይስተናገዳል፣ ጥቂቶቹ ግን በጣም ይቆያሉ፣ ስለዚህ ጭራው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ይባላል። እነዛ ጥቂቶች አማካዩን ወደነሱ ስለሚጎትቱት አብዛኛውን ጊዜ ከሚዲያኑ (ዳታው በተራ ሲደረደር መሀል ላይ ከሚውለው ቁጥር) ይበልጣል። አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት አውቄ ነው፣ ሁሌ የሚሰራ ህግ አይደለም።

«ረጅም ባር ያለው ቡድን ይበልጣል»

የ40 ሰው እና የ200 ሰው ክፍል ውጤት ጎን ለጎን አስቀመጣችሁ እንበል። ከ80 እስከ 90 ያመጡት ከትንሹ ክፍል 10፣ ከትልቁ 30 ናቸው። ባሩን ካያችሁ ትልቁ ክፍል ሶስት እጥፍ ይመስላል፣ በፐርሰንት ስታሰሉት ግን 25 እና 15 ነው፣ ትንሹ ይበልጣል። ስለዚህ የሰው ቁጥር ሲለያይ በፐርሰንት ሳሉ፣ ደግሞ ቢኑም ከታች ያለው መስመርም ለሁለቱ አንድ አይነት ይሁን፣ አለበለዚያ ሶፍትዌሩ ለየራሳቸው መስመር ይመርጥላቸውና ሰፊው ዳታ ከጠባቡ ጋር እኩል መስሎ ይታያችኋል። የቢኖቹ ስፋት ራሱ ከተለያየም የዳታውን ብዛት ማሳየት ያለበት ቁመት ሳይሆን ስፋት ሲባዛ በቁመት፣ ማለትም ባሩ የሸፈነው ቦታ ነው።

«ጥሩ ዳታ የደወል ቅርጽ አለው»

በፍጹም። የደወል ቅርጽ ከብዙዎቹ ቅርጾች አንዱ ነው። ከላይ ያለው የወረፋ ደቂቃ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ዳታው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ወረፋ ጸባዩ እንደዛ ስለሆነ ነው።

«ቢኑን እንዴትም ብንቆርጠው የዳታው ቅርጽ አንድ ነው፣ አማካዩ ደግሞ መሀሉን ያሳያል»

እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ እዚህ ጋ ነው። አሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ኦልድ ፌይዝፉል የሚባል በየተወሰነ ጊዜ የፈላ ውሃ ወደ ሰማይ የሚረጭ ፍልውሃ አለ፣ የ272 ፍንዳታዎቹ ርዝመት በደቂቃ ተመዝግቦ አር (R) ከሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ጋር አብሮ ይመጣል፣ ማንም ከፍቶ ሊሞክረው ይችላል። ከ1.5 እስከ 5.5 ደቂቃ ያለውን ለሁለት ብቻ ብትቆርጡት የመጀመሪያው ባር 104 ሁለተኛው 168 ይሆናል፣ አንድ ደረጃ የመሰለ ነገር፣ ምንም አይነግራችሁም። ይሄንኑ ዳታ በየግማሽ ደቂቃው ስትቆርጡት ግን 51፣ 41፣ 5፣ 7፣ 30፣ 73፣ 61፣ 4 ይመጣል። አያችሁት? ሁለት ተራራ ነው፣ አንዱ 2 ደቂቃ አካባቢ፣ ሌላው 4 ደቂቃ ተኩል አካባቢ፣ መሀላቸው ሸለቆ። አጭርና ረጅም የሚባል ሁለት አይነት ፍንዳታ እንዳለ ዳታው ራሱ እየነገረን ነው። ቢኑን ከመጠን በላይ ካጠበባችሁት ደግሞ በየቦታው አንድ ሁለት ዳታ የያዘ የተበጣጠሰ ማበጠሪያ ይሆንና ቅርጹ ይጠፋል። በ1926 የወጣው የስተርጀስ ቀመር ስንት ቢን እንደሚያስፈልግ መነሻ ይሰጣል፣ ለ272 ዳታ ወደ 9 ቢን ይላችኋል፣ ግን መነሻ ብቻ ነው፣ ሁለት ሶስት ስፋት ሞክራችሁ የማይጠፋውን ቅርጽ ነው ማመን ያለባችሁ።

አሁን አማካዩን እዩልኝ፣ 3.49 ደቂቃ ነው። ቀጥ ብሎ ሸለቆው ውስጥ! ከ2.5 እስከ 3.5 ደቂቃ የቆዩት ፍንዳታዎች ከ272ቱ 12 ብቻ ናቸው፣ አማካዩን ብቻ ሰምቶ ሶስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይቆያል ብሎ የሄደ ሰው ያንን የመሰለ ፍንዳታ የሚያየው ከስንት አንዴ ነው።