በአንቲቦዲ የሚመጣ ሪጀክሽን ምንድን ነው?

ሰሞኑን የአንጀት ንቅለ ተከላ ወሬ ተነሥቶ አንዱ እንዲህ ብሎ ደመደመ፦ «ደሙ ከገጠመ በኋላ አልያዘም ካሉህ በሽተኛው መድኃኒቱን አቋርጧል ማለት ነው።» ደሴ ውስጥ ይህን ያልሰማሁበት ቦታ የለም። ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ያንገበግባል። የታመመውን ሰው ጥፋተኛ ያደርጋል እኮ!

መድኃኒት ማቋረጥ ሪጀክሽን ያመጣል፣ ማለትም ሰውነት የተተከለውን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል፣ አዎ። ግን አንዲት ኪኒን ሳያዛንፍ የሚውጥ ሰውም የተተከለለት አካል ሊጎዳበት ይችላል።

አዲሱን አንጀት ደሴ ከተማ ነው በሉት። ሪጀክሽን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሱቅ ሰብሮ የሚገባ ሌባ ነው። እሱ ቲ ሴል የሚባለው የመከላከያ ነጭ የደም ሴል ነው። ዋናው መድኃኒት ታክሮሊመስ የሚይዘውም እሱን ነው። አንቲቦዲ፣ ማለትም ደም ውስጥ የሚዘዋወረው የመከላከያ ፕሮቲን፣ ግን ሱቅ አይሰብርም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ መንገዱን ይንዳል። የተተከለውን አካል የደም ሥሮች ከውስጥ በኩል ይመታል፣ ሥሮቹ ይቆጣሉ፣ ደም ይረጋል፣ ከኮምቦልቻ የሚወጣው ጭነት ይቆማል፣ ፒያሳ ላይ አንድ በር ሳይሰበር መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። የሱቅ ዘበኛ ብትጨምር መንገዱ አይከፈትም። ያንኑ ኪኒን መጨመር ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። አንቲቦዲውን በፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ልውውጥ ከደም ማውጣት፣ ኢሚኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ አንቲቦዲ) መስጠት፣ እንደ ቦርቴዞሚብ ባለ መድኃኒት አምራቾቹን ሴሎች መምታት ይሞከራል።

«ደሙ ገጥሟል» ላልከው ወንድሜ፦ ኤ፣ ቢ፣ ኦ መግጠሙ የመጀመሪያው በር ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም። አንቲቦዲው የሚያነጣጥረው በአብዛኛው ኤች ኤል ኤ የሚባሉት የሴል መለያዎች ላይ ነው። ይህ አንቲቦዲ ከንቅለ ተከላው በፊትም ሊኖር ይችላል። በእርግዝና፣ ደም በመውሰድ፣ ቀድሞ በተደረገ ንቅለ ተከላ ይፈጠራል። እናት ከገዛ ልጇ ኩላሊት ልትቀበል ስትል፣ ልጁ ከአባቱ የወረሰውን መለያ የሚያውቅ አንቲቦዲ ከእርግዝናው ጊዜ ጀምሮ ደሟ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. የጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ስለሆነ፣ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

ክሮስማች፣ ማለትም የተቀባዩ ደም የሰጪውን ሴል ያጠቃ እንደሆነ የሚያየው ምርመራም፣ ሁለት ነው። ደም ለመስጠት የምንሠራው ቀይ ሴልን ያያል። የንቅለ ተከላው ግን የሰጪውን ሊምፎሳይት (ነጭ የደም ሴል) ከተቀባዩ ሴረም (አንቲቦዲ ካለበት የደም ፈሳሽ) ጋር ያገናኛል። በድሮው ዘዴ ኮምፕሊመንት (አንቲቦዲ የተጣበቀበትን ሴል የሚገድሉ የደም ፕሮቲኖች) ይጨመርበታል፣ ቀጥሎ ቀለም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሕያው ሴል ቀለሙን አያስገባም፣ የሞተው ይጠጣዋል። ብዙ ሴል ከሞተ አንቲቦዲ አለ ማለት ነው። ፓቴልና ቴራሳኪ በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጡት የኩላሊት ውጤት ይህን አሳየ፦ ክሮስማቹ ፖዘቲቭ ከሆነባቸው 30 ኩላሊቶች 24ቱ ወዲያው ከሸፉ፤ ኔጌቲቭ ከሆነባቸው 195 ግን 8 ብቻ።

አንጀት ላይ ነገሩ ይከብዳል። ለኩላሊት መድከሙን የሚያሳይ ክሬቲኒን አለን፣ ለአንጀት እንዲያ ያለ ቀላል የደም ምርመራ የለንም። የኩላሊት ናሙና ባንፍ በሚባል ዓለም አቀፍ መመዘኛ ይነበባል፤ ለአንጀት ሁሉም የተስማማበት መመዘኛ ገና የለም። የአንቲቦዲን ጥቃት አሻራ የሚያሳየው፣ ሲ4ዲ የሚባለው የቲሹ ቀለምም አንጀት ላይ አይታመንም። በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ) የሚቆረጠው ናሙና፣ ባዮፕሲው፣ ደግሞ ከላይኛው ሽፋን ነው። ፒያሳን አይተህ ስለ ሐረጎ መፍረድ ማለት ነው። ስለዚህ ባዮፕሲው፣ በደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲና የበሽተኛው ሁኔታ አንድ ላይ መታየት አለባቸው። ጉበት አብሮ ሲተከል አንጀቱ ከአንቲቦዲ የተሻለ ጥበቃ እንደሚያገኝም ታይቷል።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፣ የሙያዬ ነው። የትናንት ኔጌቲቭ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም። ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ ሰው ናሙና ከሰጠ በኋላ ደም ከወሰደ ለሕክምና ቡድኑ ይንገር፣ ሴረሙም እንደ አዲስ ይመርመር። ከተቻለ የሚሰጠው ደም ነጭ ሴሉ የተቀነሰለት ይሁን። ሄሞግሎቢን ትንሽ ወረደ ተብሎ ብቻ አንድ ከረጢት ደም አይሰቀልለት።