ውስጠ ባዶ ዓለም ምንድን ነው?

በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ውስጠ ባዶ ዓለም የሚባለው፣ ነዋሪዎቹ በውጭ ገጹ ላይ ሳይሆን በቅርፊቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ የሚኖሩበት ፕላኔት ወይም ሰው ሠራሽ አካል ነው። እዚያ የቆመ ሰው አድማስ አያይም፤ መሬቱ እየራቀ በሄደ ቁጥር ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ሐይቁና ደኑም ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ካርታ ከፍ እያሉ ሄደው ከጉሙ ውስጥ ይጠፋሉ። የዚህ መቼት ውበት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሐሳቡን አስቀድመው ያነሡት ግን ሳይንቲስቶች ናቸው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1692፣ የኮምፓስ መርፌ የሚያመለክተው አቅጣጫ በዘመናት ለምን እንደሚለዋወጥ ለማስረዳት ሲሞክር፣ ምድር 800 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቅርፊት እንዳላትና በውስጧም ለየብቻቸው የሚሽከረከሩ ሉሎች እንዳሉ ገመተ። በ1818 ጆን ሲምስ የተባለ አሜሪካዊ የቀድሞ መኮንን በሁለቱም ዋልታዎች መግቢያ አለ ብሎ አወጀ፤ የዋልታው በር ከዚያ ወዲህ በልብ ወለዶች ተደጋግሞ መጥቷል።

ትልቁ ፈተና ስበት ነው። ኒውተን በ1687 እንዳሳየው፣ ውፍረቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል በሆነ ክብ ቅርፊት ውስጥ ያለን አካል የቅርፊቱ ክፍሎች ከየአቅጣጫው ስለሚስቡት ስበታቸው ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ የቆመው ሰው ክብደት የለውም፤ ይባስ ብሎ፣ ደራሲዎች ለብርሃን ሲሉ መሐል ላይ የሚሰቅሏት ትንሽ ፀሐይ ብቸኛዋ ሳቢ ስለምትሆን፣ ሰውየው ከመሬቱ ተነሥቶ ወደ እሷ ይወድቃል።

መፍትሔው ዓለሙን ማሽከርከር ነው። ሉል የሆነ ዓለም ሲሽከረከር ክብደት የሚበረታው በወገቡ ላይ ብቻ ነው፣ ወደ ዋልታዎቹ ሲጠጉም መሬቱ እንደ ገደል ያዘቀዝቃል፤ የፊዚክስ ሊቁ ጄራርድ ኦኒል በ1970ዎቹ ያቀረበው ግን ግዙፍ ሲሊንደር ነው። ራዲየሱ 4 ኪሎ ሜትር የሆነ ሲሊንደር በሁለት ደቂቃ ከሰባት ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ ቢዞር፣ ግድግዳው የነዋሪውን እግር የሚገፋበት ኃይል ሰውየው በምድር ላይ ከሚኖረው ክብደት ጋር ይስተካከላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከፍ ሲሉ ነው፦ ከረጅም ማማ ጫፍ የተለቀቀ ድንጋይ ከግርጌው አያርፍም፣ ከሽክርክሪቱ አቅጣጫ ወደ ኋላ ቀርቶ ይወድቃል፤ ወደ ዛቢያው የሚወጣ ተራራ ወጪም በእያንዳንዱ እርምጃ እየቀለለ ሄዶ መጨረሻ ላይ ይንሳፈፋል።