የአይስሊንግተን ኮሚሽን እና የአባላቱ ሹመት ያስነሣው ውዝግብ

የአይስሊንግተን ኮሚሽን በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሕንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር፣ ደመወዝና ዕድገት እንዲመረምር በ1912 እ.ኤ.አ. የተሠየመ ንጉሣዊ ኮሚሽን ነው። ከበስተኋላው የቆየ ቅሬታ ነበር። ወደ ከፍተኛው የአስተዳደር አገልግሎት የሚያስገባው የውድድር ፈተና ከ1855 ጀምሮ ቢሰጥም፣ መፈተኛው ለንደን ብቻ ስለነበረ፣ ባሕር ተሻግሮ ለመማር አቅም የሌለው ሕንዳዊ በሕግ ሳይከለከል በተግባር ተከልክሎ ኖሯል። ፈተናው በሕንድም ጎን ለጎን እንዲሰጥ የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በ1893 ቢወስንም፣ መንግሥት ውሳኔውን ሳይፈጽመው ቀርቷል።

እንዲህ ባለ ጉዳይ መርማሪው ማን ይሁን የሚለው ክርክር ከውጤቱ ክርክር የሚለይ አልነበረም። ሰብሳቢውን ሎርድ አይስሊንግተንን ጨምሮ ከ12ቱ አባላት ሕንዳውያኑ 3 ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ጎፓል ክሪሽና ጎካሌ፣ ማሃዴቭ ቻውባል እና የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ አብዱር ራሂም ናቸው። ከእንግሊዛውያኑ መካከል መሬይ ሐሚክና ፍራንክ ስላይ ራሳቸው የሚመረመረው አገልግሎት ባልደረቦች ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ ብሔርተኞቹን ያስከፋው የጋዜጠኛው የቫለንታይን ቺሮል መሾም ነው። ቺሮል በ1910 ባሳተመው መጽሐፍ የብሔርተኞቹን መሪ ባል ጋንጋዳር ቲላክን የሕንድ ሁከት አባት አድርጎ የሣለ ሰው ሲሆን፣ ኮሚሽኑ ሲሠየም ቲላክ በርማ ውስጥ ማንዳሌይ ታስሮ ነበር። ከተፈታ በኋላ ቺሮልን በስም ማጥፋት ለንደን ላይ ከሶ በ1919 ተረትቷል።

ጎካሌ በየካቲት 1915 ሪፖርቱ ሳይፈረም ሞተ፤ የሕንዳውያኑ ወገን ጠንካራውን ተከራካሪ ያጣው በዚህ ጊዜ ነው። አብዛኞቹ አባላት ጎን ለጎን የሚሰጠውን ፈተና ውድቅ አድርገው፣ ከከፍተኛ የሥራ መደቦች ሩቡ ገደማ ለሕንዳውያን እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። አብዱር ራሂም ግን በልዩነት ሐሳቡ ጥያቄውን ገለበጠው፤ ከአውሮፓ ሹም ማስመጣት የሚገባው አስፈላጊነቱ በግልጽ ሲታይ ብቻ ነው አለ። ሪፖርቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት እስከ 1917 ሳይታተም ቆየ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ እንግሊዝ ሕንዳውያንን በአስተዳደሩ ይበልጥ እንደምታሳትፍ በይፋ ስታውጅ ደግሞ የሩቡ ድርሻ ወዲያው አነሰ።

በ1922 ፈተናው ሕንድ ውስጥ በአላሃባድ መሰጠት ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት በሎርድ ሊ ሰብሳቢነት በተሠየመው ኮሚሽን ከ9 አባላት 4ቱ ሕንዳውያን ሲሆኑ፣ ይህም ኮሚሽን በ15 ዓመት ውስጥ የሲቪል አገልግሎቱ ሹማምንት እኩሌታ ሕንዳውያን እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ።