የኢትዮጵያ አገር በቀል ዘንባባዎች፦ መለያቸውና ችግኛቸውን ከፍሬ የማፍላት ዘዴ

በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉት ዘንባባዎች በዋናነት ፊኒክስ፣ ሃይፌኔ እና ቦራሰስ ከተባሉ ሦስት ወገኖች ይመደባሉ። በከተማ አደባባዮችና በሆቴል ግቢዎች ከባሕር ማዶ መጥተው የተተከሉትም በጅምላ ዘንባባ ስለሚባሉ፣ ፍሬ ለቅሞ ችግኝ ለማፍላት የተነሣ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ዛፉን ለይቶ በማወቅ ነው። ለዚህ ሥራ ዋናው መነሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የረጅም ጊዜ ትብብር የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል ሲሆን፣ ዘንባባዎቹ የሚገኙበት 6ኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው ብሔራዊ ሄርባሪየም በትዕግሥት ያከማቻቸው የደረቁ ናሙናዎችም ለማመሳከሪያ የሚተካከላቸው የለም።

በሰፊው የሚታወቀው ፊኒክስ ሬክሊናታ፣ በብዙ ቦታ ሰሌን የሚባለው ነው። ከቆላ ወንዞች ዳር አንሥቶ እስከ ወይናደጋ ሸለቆዎች ድረስ፣ የከርሰ ምድር ውኃ በሚቀርብበት ሁሉ ይበቅላል። ከአንድ ሥር ብዙ ቀጫጭን ግንዶች ይወጡና እያዘነበሉ ያድጋሉ፤ ቅጠሉ በመሐል ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ረጃጅም ቅጠሊቶች ያሉት ሲሆን፣ ወደ ግንዱ የቀረቡት ቅጠሊቶች ወደ ጠንካራ እሾህ ይለወጣሉ። እያንዳንዱ ቅጠሊት ከሥሩ ወደ ላይ የታጠፈ መሆኑ የፊኒክስ ወገን ሁሉ ምልክት ነው። ከተምር ዛፍ የሚለየው ቅጠሉ ግራጫነት የሌለበት ደማቅ አረንጓዴ በመሆኑ፣ ግንዱ በመቅጠኑና ፍሬው ትንሽ፣ ሲበስል ብርቱካናማ ወይም ቡናማ በመሆኑ ነው። የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ ደግሞ ወፍራም ነጠላ ግንድ ስላለው አያሳስትም። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ኦስካር ድሩደ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአገራችንን ዘንባባ ፊኒክስ አቢሲኒካ ብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎት ነበር፤ ዛሬ ግን ከሬክሊናታ የተለየ እንዳልሆነ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ምንም እንኳ የደጋማው አገር ዘንባባ መልኩ ከቦታ ቦታ መለዋወጡ የማይካድ ቢሆን። ለሆሳዕና በዓል በግንባርና በጣት የሚታሰረው፣ ለሰሌን ምንጣፍና ለመጥረጊያም የሚውለው በአብዛኛው የዚህ ዛፍ ቅጠል ነው። በአንድ ግንድ ላይ ያለው የማደጊያ ጫፍ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የመሐሉ ያልተገለጠ ቅጠል ከነልቡ ከተቆረጠ ያ ግንድ ይሞታል፤ ጉቶው አዳዲስ ግንዶች ማውጣቱ ግን ዛፉን ያተርፈዋል።

የሃይፌኔ ወገን፣ ማለትም ዱም፣ ግንዱ ሁለት ሁለት እየሆነ በመከፋፈሉ ከሩቅ ይለያል። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የፍልውኃ ምንጮችን የከበበው የዱም ደን የታወቀ ነው። የአፋር ሕዝብ ቅጠሉን ለቤት መሸፈኛ ምንጣፍ ይጠቀምበታል፤ ከጫፉ የሚቀዳው ፈሳሽ ለመጠጥ ይውላል፣ መቅዳቱ ሲበዛ ግን ግንዱን ይገድላል። ሃይፌኔ ቴባይካን ከሃይፌኔ ኮምፕሬሳ መለየት ለባለሙያም የሚያስቸግር ሲሆን፣ ጎንና ጎኑ የተጨፈለቀ የሚመስለው ፍሬ የኮምፕሬሳ እንደሆነ ይታመናል። ቦራሰስ ኤቲዮፑም በጋምቤላና በምዕራብ ቆላዎች የሚገኝ፣ መሐሉ ያበጠ ቀጥ ያለ ነጠላ ግንድና ትልቅ ፍሬ ያለው ዛፍ ነው።

ፍሬ ሲለቀም መጀመሪያ ሊታሰብበት የሚገባው የሦስቱም ወገኖች ወንዴና ሴቴ ዛፎች የተለያዩ መሆናቸው ነው። የፊኒክስ ዝርያዎች እርስ በርስ በቀላሉ ስለሚዳቀሉ፣ ተምር ወይም የካናሪ ዘንባባ በተተከለበት ከተማ አጠገብ ከቆመ ሴቴ ሰሌን የተለቀመ ፍሬ ንጹሕ አገር በቀል ችግኝ ለመስጠቱ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ዛፍ ይልቅ ከሩቅ ሸለቆ፣ ከአንድ ሳይሆን ከበርካታ ሴቴ ዛፎች መልቀም ይመረጣል። መሬት ላይ የወደቀና ያልተነቀዘ የበሰለ ፍሬ ተመርጦ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ሥጋው ታሽቶ ከተወገደ በኋላ ዘሩ በአንድ ጎኑ ረጅም ስንጥቅ ይታይበታል፣ ጽንሱም በተቃራኒው ጎን ይገኛል። በደረቅ ቦታ የተቀመጠ የፊኒክስ ዘር ዕድሜው ረጅም ነው፤ በእስራኤል ማሳዳ የተገኘ ወደ 2000 ዓመት የሚጠጋ የተምር ዘር እ.ኤ.አ. በ2005 መብቀሉ ይታወቃል። ይህ ግን ብርቅ ነገር ስለሆነ፣ ችግኝ ጣቢያ ዘሩን ትኩስ እንዳለ ቢዘራ ይሻላል።

የሰሌን ዘር አሸዋ በበዛበት አፈር ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተቀብሮ፣ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ ይበቅላል። የመጀመሪያው ቅጠል ነጠላና ጠባብ ስለሆነ አራሚ ሠራተኛ ሣር መስሎት እንዳይነቅለው መደቡ ምልክት ይደረግበታል። የዱምና የቦራሰስ አበቃቀል ግን ሌላ ነው፤ ከዘሩ የሚወጣው አንጓ አስቀድሞ ወደ ታች ጠልቆ ይወርድና ቅጠሉ ከዚያ ጥልቀት ወደ ላይ ይመጣል፣ ይህም ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል። በመሆኑም ለቡና ወይም ለባሕር ዛፍ የሚያገለግለው አጭር የፕላስቲክ ከረጢት ለእነዚህ አይበቃም፤ ረጅም ቱቦ ከሌለ ዘሩን በቋሚ ቦታው መዝራት ይገባል። ችግኙ እስኪያብብ ወንዴነቱና ሴቴነቱ ስለማይታወቅ፣ ፍሬ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ብዙ ችግኞች ተቀራርበው ይተከላሉ።